የነባር ቤት እስትንፋስ፦ በላስታ ደጋ ስለ አየር ቱቦና ስለ ጭስ መውጫ

በሚያዝያና በግንቦት፣ ፀሐይ በላስታ ተራሮች ላይ ቀጥ ብላ በምትቆምበት የቀትር ሰዓት፣ በላሊበላ ከተማ ዋና መንገድ ዳር ካሉት ቆርቆሮ ክዳን ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ ከመድረኩ አልፎ ገና ሳይቀመጥ ከላይ የሚወርደው ወበቅ ግንባሩን ይመታዋል፤ ከዚያው ሰፈር ቁልቁል ወርዶ በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ከቆዩት ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች ወደ አንዱ ቢዘልቅ ግን፣ በዚያችው ሰዓትና በዚያችው ፀሐይ ሥር፣ ነጠላውን ከትከሻው ላይ ደረብ እንዲያደርግ የሚያስገድድ ቅዝቃዜ ይቀበለዋል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ያስኬዳል እንጂ አያርቅም፤ በአሠራራቸው መካከል ያለው ልዩነት ግን እጅግ የሰፋ ነው፤ የቀደመው ሠሪ ሳይጽፈው ያለፈው ዕውቀት የሚገኘውም በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የአየር ማቀዝቀዣ መኪና፣ ብዙ ሰው በአጭሩ ኤሲ የሚለው፣ በቆላው ከተሞች ከገባ ወዲህ የደኅና ማረፊያ ምልክት ሆኖ እየተቆጠረ ስለ ሄደ፣ አሮጌ ቤት አድሶ እንግዳ ለመቀበል የሚያስብ ባለቤት ከግንበኛውና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር በተቀመጠ ጊዜ፣ ቀዝቃዛውን አየር ከክፍል ወደ ክፍል የሚያደርሰው ቱቦ፣ ባለሙያዎቹ ዳክት የሚሉት፣ በየት በኩል ሊያልፍ ይችላል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ያ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ በየት በኩል ሲተነፍስ ኖረ የሚለው ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ነባር ቤት የሚገባ ቱቦ ሁሉ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ቤቱን ከሚያግዘው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል ብለን እናምናለን።

በየጉባኤ ቤቱ የሥነ ፍጥረትን ነገር የሚያስተምሩ መምህራን፣ ዓለም የቆመባቸውን አራቱን ባሕርያት በየግብራቸው ሲከፍሉ፣ ለነፋስ ውዑይነትንና ርጥበትን ይሰጡታል፤ ሙቀትንም ውኃንም በውስጡ ተሸክሞ የሚመላለስ ባሕርይ ነው ማለታቸው ነው። የዛሬው መሐንዲስም መለኪያውን ይዞ ከክፍሉ መካከል ሲቆም የሚጠይቀው ይህንኑ ሁለቱን፣ የአየሩን ሙቀትና የአየሩን ርጥበት ነው። እንዲያውም ዊሊስ ካሪየር የተባለው ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን፣ ለአንድ ማተሚያ ቤት የዘመናዊውን የአየር ማስተካከያ የመጀመሪያ ንድፍ ሲያወጣ፣ የታዘዘው ሰውን ከሙቀት ለማሳረፍ አልነበረም፤ በክረምትና በበጋ መለዋወጥ ወረቀቱ ርጥበት ሲጠጣ እየሰፋ፣ ሲደርቅ እየጠበበ፣ የቀለም ኅትመቱ ከቦታው እየተዛነፈ ስላስቸገረ፣ የአየሩን ርጥበት አንድ ልክ ላይ እንዲያቆም ነበር። መኪናው ስለ ወረቀት ተፈጥሮ ሰውን ያገለገለው ከዚያ በኋላ ነው። የብራና መጻሕፍትን በዕቃ ቤቱ ይዞ ለሚኖር እንደ ላሊበላ ላለ ሀገር፣ ይህ ታሪክ ሩቅ ሊመስል አይገባውም።

አሁን ወደ ክቡ ቤት እንመለስ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለ መዘገባቸው ስለ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በሚሰጠው መግለጫ፣ በአጠገባቸው ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች በላስታ ስም ለይቶ ይጠቅሳቸዋል። የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተካበ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሚያህል፣ ውስጡ ጭድና እበት በገባበት ጭቃ የተመረገ ነው። ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ፣ ደርቡ ለሰው ነው፤ ወደ ደርቡ የሚወጣው በውጭ በኩል በተሠራ የድንጋይ ደረጃ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ወለል በወፍራም እንጨት ላይ በተረበረበ ጭራሮና በጭቃ የተሞላ ነው። በላዩ ሣር ክዳን እንደ ዘውድ ተቀምጦበታል። በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጥቂትና ጠባብ ነው።

ይህን ቤት በደካማ ዓይን የሚያይ ሰው ጨለማውን ብቻ ያያል። አየሩ ምን እንደሚያደርግ ግን ልብ ብሎ መከታተል ይገባል። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ከውጭ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ለማድረስ ግማሽ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የቀትሩ ፀሐይ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ወደ ሰው የሚደርሰው ሌሊት፣ ውርጩ በሜዳው ላይ በሚወርድበትና ሙቀት በሚናፈቅበት ሰዓት ነው፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜም እንዲሁ ተጉዞ ቀን ይገባል። ከምድር ቤት ያደሩት ከብቶች ትንፋሽ ወለሉን ያሞቀዋል። ከዝቅተኛው በር የገባው አየር ከምድጃው ሙቀት ተቀብሎ ቀልሎ ይወጣና፣ አንድ ቀዳዳ ሳይፈልግ በሣሩ መካከል ተበትኖ ያልፋል፤ ጭሱም ከእርሱ ጋር ሲያልፍ በወራጁ፣ በማገሩና በሣሩ ላይ ጥቀርሻ እየለጠፈ ይሄዳል፤ ጥቀርሻውም ነቀዝንና ምስጥን እየከለከለ የክዳኑን ዕድሜ ያረዝመዋል። እንግዲህ ይህ ቤት ቱቦ የለውም ማለት አይቻልም፤ ክዳኑ በሙሉ የአየር መውጫ ነው።

ነገር ግን የቀድሞውን ሥራ ማመስገን እውነቱን እንድንሸፍን አያደርገንም። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ባለቤቲቱ ተነሥታ አመዱን ገለጥ አድርጋ የማታውን ፍም ታወጣለች፤ ጭራሮ ደርባ፣ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ እሳቱ እስኪያያዝ ድረስ ነጭ ጭስ ከምድጃው ተነሥቶ ወደ ላይ ያቀናና፣ ሣሩ ሊያሳልፈው ከሚችለው በላይ ሲሆን ተመልሶ እየወረደ፣ ከቆመ ሰው ትከሻ ላይ ሲደርስ ይረጋል። የቤቱ ሰዎች ሁሉ በዝቅተኛ በርጩማና በመደብ ላይ የሚቀመጡት ለልማድ ብቻ አይደለም፤ ከጭሱ በታች ለመተንፈስም ነው። ባለቤቲቱ ግን እንጀራ ለመጋገር ከጭሱ መካከል መቆየት አለባት፤ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ደረቷ ይስላል፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ከእርሷ ጋር ያንኑ ይተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ጭስ ሰበብ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። በላስታ ነባር ቤት መጀመሪያ መግባት የሚገባው ቱቦ የትኛው እንደ ሆነ ለመወሰን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ እርሱም ቅዝቃዜን የሚያመጣው ሳይሆን ጭስን የሚያወጣው ነው።

በመካከሉ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ብዙ መልካም ነገር አለው፤ ሣር በየጥቂት ዓመቱ መቀየር ሲገባው እርሱ ይከርማል፤ እሳት አይበላውም፤ ዝናቡንም በቦይ ተቀብሎ ለማጠራቀም ያመቻል፤ የሣሩ ዓይነትም ከመሬቱ ጥበት የተነሣ እየጠፋ በሄደበት ሀገር ሰው ወደ ቆርቆሮ ቢያዘነብል ሊወቀስ አይገባውም። ሆኖም ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮው በተተካበት ቀን ቤቱ ሁለት ነገር ማጣቱን ማንም አላስተዋለም። አንደኛ፣ ሣሩ ይሰጠው የነበረውን ወፍራም መከላከያ አጥቶ፣ ቀን የፀሐዩን ግለት፣ ሌሊት የሰማዩን ብርድ በቀጥታ የሚያወርድ ስስ ብረት ብቻ ቀረለት፤ ሁለተኛ፣ እስትንፋሱ ተዘጋ። ጭሱ የሚያልፍበትን አጥቶ በቤቱ ውስጥ ቀረ፤ የሰውና የድስት እንፋሎትም በቀዝቃዛው ብረት ሥር ወደ ውኃ ተመልሶ፣ ሊነጋጋ ሲል በእንቅልፍ ላይ ባሉት ልጆች ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ከዚያ ኮርኒስ ተወጠረ፤ ኮርኒሱ ሙቀቱን በጥቂቱ ቢያስታግስም በእርሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ስፍራ በቀትር ምድጃ ሆነ። ዛሬ በላሊበላ ኤሲ የሚያስመኘው ወበቅ የሀገሩ አየር ያመጣው አይደለም፤ ጣሪያው ያመጣው ነው።

ይህን ከተረዳን በኋላ ስለ ቱቦው ራሱ መናገር እንችላለን፤ ምክንያቱም በቆላ ሀገር፣ በሆስፒታል ወይም በትልቅ አዳራሽ ቱቦ ግድ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ የጥበቡም ሥራ ክብር የሚገባው ነው። ቱቦው የሚሠራው ዚንክ ከተለበጠ ስስ ላሜራ ነው። ባለሙያው ላሜራውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይመትራል፣ በመቀስ ይቆርጣል፣ አንዱን ጠርዝ ወደ ውስጥ ሌላውን ወደ ውጭ አጥፎ እርስ በርሱ ካነከሰ በኋላ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ይደፍነዋል፤ በዚህ እጥፋት ላይ የእጁ ብልኃት ይታወቃል፤ ያልተነከሰች አንዲት ጣት የምታህል ክፍተት ከቀረች የተገዛው ቅዝቃዜ በእርሷ በኩል ወደ ኮርኒሱ ሆድ ይፈሳል። በአሜሪካ፣ እንዲህ ያለው ቱቦ በብዙ ቤት በሚገኝበት ሀገር፣ በተራ ቤት ቱቦ ውስጥ ከሚሄደው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በስንጥቅና በመጋጠሚያ እየሾለከ እንደሚቀር ይገመታል፤ ይህ የሆነው ለቱቦው ታስቦ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው።

ለነባር ቤት ችግሩ ይበልጣል፤ ቱቦ ስፍራ ይፈልጋልና። ግድግዳው ሙሉ ድንጋይ ሆኖ በመካከሉ ባዶ ቦታ የለውም፤ ወለሉ በእንጨትና በጭቃ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው ስፍራ ሲያጣ ቱቦውን ያጠበዋል። እዚህ ላይ የተፈጥሮ ሕግ ይቀጣዋል፤ የክብ ቱቦ ወርድ (ዲያሜትር) በግማሽ ሲቀነስ፣ ያንኑ ያህል አየር ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት እጥፍ ብቻ መስሎ ሲታሰብ፣ በእውነቱ ሠላሳ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ኮረንቲው ያልቃል፣ ከሩቁ ክፍል ግን አየር አይደርስም። ሌላው የተለመደ ስሕተት ለሚገባው አየር መንገድ አበጅቶ ለሚመለሰው መርሳት ነው፤ ወደ ተዘጋ ክፍል የሚገፋ አየር መውጫ ካላገኘ መግባቱን ያቆማል፤ ወይም በምድጃው በኩል መንገድ አግኝቶ ጭሱን ወደ መኝታ ቤት ይመልሳል። ከሁሉም የሚከፋው ርጥበቱ ነው። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ከተራራው ወርዶ ሲተኛ፣ ያልለበሰ ቀዝቃዛ ቱቦ ላቡን ያንጠባጥባል፤ ውኃውም በሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ምልክት ብቻ ሲተው፣ በጭቃ ምርጊት ላይ ግን ምርጊቱን አሟሙቶ፣ ድንጋይን ከድንጋይ ያያዘውን ጭቃ ያጥበዋል።

የከፍታውም ነገር አለ። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በዚህ ከፍታ አንድ ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። ማራገቢያው የሚያንቀሳቅሰው መጠኑን እንጂ ክብደቱን ስላልሆነ፣ በቆላ ተለክቶ የተጻፈለት መኪና ወደ ላስታ ሲወጣ የሚሸከመው ሙቀት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል፤ ሻጩ ይህን ካልተናገረ ገዢው መጠየቅ አለበት። ያው ከፍታ ግን በሌላ እጁ ይክሳል፤ በየሌሊቱ ያለ ምንም ዋጋ እጅግ ቀዝቃዛና ንጹሕ አየር ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ይወርዳል። ማታ መስኮቱን ከፍቶ ይህን አየር ወደ ድንጋዩ የሚያስገባ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ የሚዘጋ ሰው፣ ሌላው በኤሲ የሚገዛውን ቅዝቃዜ በእጁ ያገኘዋል።

በእውነት መኪና የሚያስፈልግበት ክፍል ቢኖር፣ ያለ ሰፊ ቱቦ የሚሠራ መንገድ ከተገኘ ብዙ ዘመን አልፎታል። በሁለት የተከፈለው ዓይነት፣ አንዱ ክፍሉ በውጭ ሌላው በውስጥ ሆኖ፣ በመካከላቸው ጋዙን የሚያመላልስ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ለእርሱም ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ትበቃዋለች። በድሬዳዋ ከዚራ፣ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ወዲህ በተቆረቆረው ሰፈር፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ ለሆኑ አሮጌ ቤቶች የሚስማማው ይህ ነው። ለላስታው ክብ ቤት ግን ያቺንም ቀዳዳ ከድንጋዩ ላይ መሸንቆር አያስፈልግም፤ ቧንቧው በመስኮቱ የእንጨት መቃን በኩል ቢያልፍ፣ ነገ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አይፈልገውም ብሎ ሲነቅለው ግድግዳው እንደ ነበረ ይገኛል። የመብራቱም ነገር መታሰብ አለበት፤ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ ከተማይቱ በገባበት ዘመን ላሊበላ ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ ኖራለች፤ በእነዚያ ወራት ያልጨለሙትና ያልታፈኑት ቤቶች፣ በመስኮታቸውና በክዳናቸው የሚተነፍሱት ነበሩ።

ሥራው የቤት ብቻ እንዳይመስል ደግሞ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ እናቅና፤ ላስታ ስለ አየር መንገድ የምታውቀው ከፍተኛው ዕውቀት በእነርሱ ተቀርጾ ይገኛልና። በዛጕዬ ነገሥታት ዘመን ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈሉት እነዚህ ሕንጻዎች፣ ቤተ መድኃኔ ዓለምን የመሰለው 33 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሳይቀር፣ ግድግዳቸው ራሱ ተራራው ስለ ሆነ ከውጭ ያለው ሙቀት ቶሎ አይደርስባቸውም። በመስቀል አምሳል የተበሱት መስኮቶች ብርሃኑን ከፋፍለው የሚያስገቡ ብቻ አይደሉም። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑና ቄሱ በማዕጠንት ሲዞሩ፣ ከጽናው የተነሣው ዕጣን መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ቅስት ይወጣል፤ ከዚያ በቅስቱ ሥር ተኝቶ ጥቂት ይቆይና፣ በላይኛው ረድፍ ወዳሉት ክፍት መስኮቶች በዝግታ ያዘነብላል፤ ከበሩ በኩል የገባው ቀዝቃዛ አየር ከምንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ ይተካዋል። የሚያስቀድሰው ሕዝብ እስትንፋስና የጧፉ ሙቀት ይህን እንቅስቃሴ የሚያበረታ እንጂ የሚያደክም አይደለም። ማራገቢያ የሌለበት፣ በሰው መሰብሰብ ኃይል የሚያገኝ የአየር መንገድ ይህ ነው።

ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ነገሩን በሌላ መልክ ታሳየናለች። እርሷ የተፈለፈለች አይደለችም፤ በሰፊ ዋሻ ውስጥ እንጨትና የተመረገ ድንጋይ በየረድፉ እየተፈራረቀ፣ በአክሱም ሥርዓት የተገነባች ናት። መስኮቶቿ በሐረግና በመስቀል ቅርጽ በተበሱ ገበታዎች የተሞሉ ስለ ሆኑ፣ ነፋስ በብዙ ትናንሽ ቀዳዳ ተሰብሮ ይገባል እንጂ እንደ ወራጅ ውኃ አይገሠግሥም። ዋሻው ዝናቡንና ፀሐዩን ስለ ከለከለላት እንጨቷ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆይቷል። በኋላ ዘመን የዋሻው አፍ ስለ ጥበቃ ሲባል በግንብ ተዘግቷል፤ ከሌባ ስለሚያድን ክፉ ሥራ አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በዋሻው ውስጥ ይመላለስ የነበረው አየር መጠኑ መለወጡን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በነባር ነገር ላይ የሚጨመር ግንብ ሁሉ በአየሩም ላይ ይጨመራል።

ይህን የምንለው ላሊበላ በጭማሪ ሥራ የተፈተነች ሀገር ስለ ሆነች ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተደረገው ጥገና የአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ገጽ ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ በሬንጅ ተለብጦ፣ በላዩ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ዓለቱ በእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውኃ ጠጥቶ በፀሐይ የሚያተን ዓለት ስለ ሆነ፣ ልባሱ ከውጭ የሚመጣውን ውኃ ሲከለክል ከውስጥ ሊወጣ የሚገባውንም አብሮ ያሰረዋል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ በሚባለው ድርጅት አማካይነት የመጣው ኢጣልያዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ ከትልልቅ ተግባሮቹ አንዱ ያንኑ ሬንጅ ማንሣት ሆነ። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁትና አምስቱን አብያተ ክርስቲያናት የሚሸፍኑት ትልልቅ መጠለያዎች መጡ። ዝናቡን አስቀርተዋል፤ ይህ አይካድም። ለጊዜው ተብለው ቆመው ዘመናቸው ሲረዝም ግን ክብደታቸውና ነፋስ ሲያንገዋልላቸው የሚያሳድሩት መናወጥ ሕዝቡን አስጨንቆ፣ የከተማው ምእመናን ድምፅ በአደባባይ ተሰማ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የፈረንሳይ ፕሬዝዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው ሀገራቸው እንድትረዳ ቃል የገቡትም ከዚህ ጭንቀት በኋላ ነው።

ፈረንሳይ ራሷ ስለ አየር መንገድ የተማረችው ትምህርት ውድ ነበር። በላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1940 የተገኙት የጥንት ሥዕሎች፣ ዋሻው በ1948 ለጎብኚ ከተከፈተ በኋላ በሰው ትንፋሽና ርጥበት አረንጓዴ አልጌ ስላበቀሉ በ1963 ዋሻው ተዘጋ፤ ከዚያም የዋሻውን የራሱን የአየር ዝውውር ተከትሎ የሚሠራ ቀላል መሣሪያ ተደርጎለት ብዙ ዓመት በሰላም ኖረ። በአዲሱ ምእት መባቻ ያ መሣሪያ ተነሥቶ ኃይለኛ የአየር ማስተካከያ በተተከለ ማግስት፣ በ2001፣ ነጭ ፈንገስ ወለሉንና ግድግዳውን ወረሰው። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ባይባልም፣ አሥራ ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ የቆየ ሥራ በጥቂት ወራት ለአደጋ የተጋለጠው ዋሻውን ሊጠብቅ በገባ ሥራ ሰበብ መሆኑ ጠባቂዎቹን ሁሉ አስደንግጧል። በቫቲካን ያለው የሲስቲን ጸሎት ቤት በተቃራኒው የተሳካ ምሳሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ ጊዜ ለ700 ሰው ተብሎ የገባው መሣሪያ ጎብኚው ሲበዛ አልበቃ ብሎ፣ በ2014 እስከ 2000 ሰው የሚችል ተተክቷል፤ ነገር ግን እዚያ አየሩ በሥዕሉ ላይ በቀጥታ እንዳይነፍስ፣ ሰዎቹ ስንት እንደ ሆኑ መሣሪያው ራሱ እያወቀ ልኩን እንዲቀያይር ሆኖ ተጠንቶ የተሠራ ነው። በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በልደት በዓል፣ ከየአውራጃው በእግሩ የመጣ ሕዝብ የላሊበላን ግቢዎች ሲሞላ ያየ ሰው፣ የትንፋሹን ብዛት ማሰቡ አይቀርም። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ቱቦ ይግባ ያለ የለም፤ ሊባልም አይገባውም። ሊባል የሚገባው፣ በዓለቱ ውስጥ ያለው የአየር መንገድ አንዲት መስኮት ሳትደፈን፣ አንድ የውኃ ቦይ ሳይሞላ ተጠብቆ ይኑር ነው።

እንግዲህ የላስታ ባለ ቤት ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ጭስ ማውጫ ያብጅ። ቱቦው ከምድጃው በላይ ካለው የጭስ መሰብሰቢያ ተነሥቶ፣ ጣሪያውን አልፎ፣ ከጉልላቱ በላይ ብቅ እንዲል ይሁን፤ ከጉልላቱ በታች ከቀረ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ይደፍቀዋል፤ ቱቦው ሣርና እንጨት በሚያልፍበት ቦታ ሁለት ድርብ ሆኖ በመካከሉ ባዶ ይተውለት፤ አለዚያ እሳት ይነሣል። ይህን ሥራ ዳክት የሚያጥፈው ያው ላሜራ ሠሪ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ቀጥሎ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሰው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ላለው ባዶ ስፍራ ከታች በጣሪያው ክፈፍ፣ ከላይ በጉልላቱ ሥር ወንፊት የለበሰ መተንፈሻ ይክፈትለት፤ በኮርኒሱም ላይ የጭድ ይሁን የፎም መከላከያ ያንጥፍበት። ይህ ሲሆን በቀትር የሚወርደው ወበቅ አብዛኛው ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ኤሲ መግዛቱንም ይተወዋል። ምርጊቱን በሲሚንቶ አይለውጥ፤ ሲሚንቶ ርጥበቱን በድንጋዩ ውስጥ ያስረዋልና፣ በሬንጁ ምክንያት በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የደረሰው በቤቱም ላይ ይደርሳል።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ በመደረጉ፣ ከክቦቹ ቤቶች ባዶ የቀሩ አሉ። ሰው የማይኖርበት ቤት እሳት አይነድበትም፤ እሳት የማይነድበት ሣር ክዳን ጥቀርሻ አያገኝም፤ ጥቀርሻ ያላገኘው ይነቅዛል፣ ዝናብ ያስገባል፣ ጭቃው ይታጠባል፣ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል። እነዚህን ቤቶች ለእንግዳ ማረፊያነትም ሆነ ለመጻሕፍት ማኖሪያነት መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ስለዚህ ከማዳኛዎቻቸው አንዱ ነው፤ ያ ቀን ሲመጣም የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። እኛ የምንለምነው ከዚያ በፊት አንድ ዓመት እንዲሰጣቸው ነው፤ ከመስከረም እስከ መስከረም፣ በአንድ ቤት ምድር ቤትና ደርብ ላይ ሙቀትንና ርጥበትን በየሰዓቱ የሚመዘግቡ ሁለት ትናንሽ መለኪያዎች ይቀመጡ፤ በሌላ አጠገቡ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤትም እንዲሁ። የሁለቱም ቤቶች መለኪያዎች ዋጋ ከአንድ ኤሲ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ንባቡን የቅርስ ባለሥልጣኑ፣ በክልሉ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎችና የደብሩ አስተዳደር አብረው ያንብቡት፤ ግንበኛውና ላሜራ ሠሪውም ከስብሰባው አይቅሩ፤ ቱቦ በየት በኩል ይግባ፣ ወይም ጨርሶ አይግባ፣ የሚለውን በዚያ ጊዜ ቁጥሩን በፊታቸው አድርገው ይወስኑ።